የአካባቢ አያያዝ ሰርተፍኬት ለፋብሪካዎ፦ የትኛውን ይምረጡ? ከማንስ ይውሰዱ?

ለውጭ ገበያ የሚያመርት የጋርመንት ወይም የቆዳ ፋብሪካ ከገዥው «የአካባቢ አያያዝ ሥርዓታችሁ በሦስተኛ ወገን የተረጋገጠ ነው ወይ?» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው፣ ሥራ አስኪያጁ አብዛኛውን ጊዜ የጥራት ክፍል ኃላፊውን ጠርቶ «አይሶ እናውጣ» ይላል፤ አይኤስኦ 14001 የተባለውን ዓለም አቀፍ የአካባቢ አያያዝ ሥርዓት ደረጃ ማለቱ ነው። ገዥው የጠየቀው ግን አይሶ ላይሆን ይችላል። የልብስ ገዥ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ሂግ በተባለው የፋብሪካ አካባቢያዊ መመዘኛ የተገኘ ነጥብ ነው፤ ጫማና ጓንት የሚያሠራ ድርጅት ቆዳውን የሚያቀርብለት ፋብሪካ የሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ (የቆዳ አምራቾችና የብራንዶች ስብስብ) ደረጃ እንዲኖረው ይጠይቃል፤ የአበባ ገዥ ደግሞ የራሱ ዝርዝር አለው። ይህ ሳይጣራ ብዙ ገንዘብ ወጥቶባቸው ቢሮ ግድግዳ ላይ ከመሰቀል ያለፈ ሥራ ያልሠሩ ሰርተፍኬቶች ጥቂት አይደሉም።

የሚከተለው ንጽጽር የተዘጋጀው በኢትዮጵያ ለሚገኙ አምራች ድርጅቶች ሲሆን፣ በቅድሚያ መመዘኛዎቹን ያስቀምጣል፤ ቀጥሎም አማራጮቹን አንድ በአንድ ይመለከታል። ሰርተፍኬት ሰጪውን ድርጅት መምረጥ ራሱን የቻለ ጉዳይ በመሆኑ ለብቻው ተይዟል።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ወረቀቱን የሚቀበለው ማን ነው የሚለው ነው። ገዥ፣ ባንክ፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪና የእናት ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት የሚያነቡት ወረቀት አንድ ዓይነት አይደለም። ስለሆነም ደብዳቤው የሚፈለገውን ደረጃ በስም ካልጠቀሰ «የትኞቹን ትቀበላላችሁ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ከማንኛውም ወጪ መቅደም አለበት።

ሁለተኛው መመዘኛ የሚመረመረው ሥርዓቱ ነው ወይስ ውጤቱ የሚለው ነው። ሥርዓትን የሚመረምር ደረጃ ድርጅቱ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰውን ጫና መለየቱን፣ ኃላፊ መመደቡን፣ መለካቱንና ስህተቱን ማረሙን ይጠይቃል፤ በአንድ ሊትር ፍሳሽ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ክሮም መኖር እንደሚችል ግን አይደነግግም። ውጤትን የሚመዝነው ደግሞ ለአንድ ካሬ ሜትር ቆዳ ወይም ለአንድ ኪሎ ጨርቅ ስንት ሊትር ውኃና ምን ያህል ኃይል እንደዋለ ቆጥሮ ነጥብ ይሰጣል። ብዙ ሥራ አስኪያጆች የመጀመሪያውን ይዘው ሁለተኛውን የያዙ ይመስላቸዋል።

ሦስተኛው ሕግን ይመለከታል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እና የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 159/2001 ፋብሪካዎች ላይ ግዴታ ጥለዋል። ከዚህ በታች ከሚነሱት ወረቀቶች አንዱም ከአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ከክልሉ ቢሮ የሚገኘውን ፈቃድ አይተካም። አማራጮቹ የሚለያዩት ሕጉ መከበሩን ለማጣራት በሚሄዱበት ርቀት ነው።

አራተኛው ኦዲተሩን ማን ይቆጣጠረዋል የሚለው ሲሆን፣ አምስተኛው ወጪ ነው። የኦዲት ክፍያ ከጠቅላላው ወጪ ትንሹ ክፍል ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ በዶላር ወይም በዩሮ ስለሚጠየቅ ከባድ ሆኖ ይሰማል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ ይታወሳል፤ ቀደም ሲል በብር ታስቦ ለሦስት ዓመት የተያዘ በጀት ዛሬ አይበቃም። ከክፍያው የሚበልጠው ወጪ የፍሳሽ ማጣሪያን ማስተካከል፣ ናሙና በላቦራቶሪ ማስመርመር እና ሥራውን የሚይዝ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ መመደብ ነው። ስድስተኛውና የመጨረሻው መመዘኛ መረጃው ለሕዝብ ይፋ የሚሆንበት መጠን ነው።

አይኤስኦ 14001

ደረጃው ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን በ2004 እና በ2015 ተሻሽሏል። በ2024 መጀመሪያ ላይም አጭር ማሻሻያ ተጨምሮበት፣ ድርጅቶች የአየር ንብረት ለውጥ ሥራቸውን የሚመለከት ጉዳይ መሆን አለመሆኑን እንዲወስኑ ተደርጓል። ለጉድጓድ ውኃ ጥገኛ ለሆነ ፋብሪካ ይህ የወረቀት ጥያቄ አይደለም። ደረጃው በየጊዜው ስለሚታደስ፣ ሰርተፍኬቱ በየትኛው እትም እንደሚሰጥና ወደ ተከታዩ እትም ለመሸጋገር ተጨማሪ ክፍያ መኖር አለመኖሩ ውሉ ላይ መስፈር ይኖርበታል።

ደረጃውን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ተቋም ራሱ ሰርተፍኬት አይሰጥም፤ የሚሰጡት ለዚህ ሥራ የተቋቋሙ ሌሎች ድርጅቶች ናቸው። የመነሻ ኦዲቱ በሁለት ምዕራፍ ይካሄዳል፦ በመጀመሪያው ሰነዱና ዝግጁነቱ ይታያል፤ በሁለተኛው ደግሞ ሥራው በቦታው ይመረመራል። ከዚያ በፊት ድርጅቱ የውስጥ ኦዲትና የከፍተኛ አመራር ግምገማ አድርጎ መጨረስ ስላለበት፣ ሥርዓቱ ጥቂት ወራት በተግባር ሳይሠራ ኦዲተር መጥራት ትርፉ ድካም ነው። ሰርተፍኬቱ ለሦስት ዓመት የሚያገለግል ሲሆን በየዓመቱ የክትትል ኦዲት ይደረግበታል።

ወደ ፋብሪካው ወለል ስንወርድ ልዩነት የሚፈጥረው መመሪያው ምን ያህል ገጽ እንዳለው አይደለም። የቆዳ ፋብሪካን እንውሰድ። ጸጉር ከሚላጭበት ክፍል የሚወጣው ፍሳሽ ኖራና ሰልፋይድ ያለበት ሲሆን፣ ከክሮም ማልፊያው የሚወጣው ደግሞ አሲድነት አለው። ሁለቱ በአንድ ቦይ ከተገናኙ ሰው የሚገድል የሃይድሮጂን ሰልፋይድ ጋዝ ይፈጠራል። ጥሩ ኦዲተር «የአደጋ ጊዜ ዕቅድ አላችሁ ወይ?» ብሎ ቢሮ ውስጥ አይጠይቅም፤ ቦዩ አጠገብ ወርዶ በርሜሉን የሚያፈሰውን ሠራተኛ «ይህን የምትከፍተው መቼ ነው? ያኛው ክፍት ሆኖ ሳለ ብትከፍተው ምን ይሆናል?» ይለዋል። የማጣሪያ ጣቢያው መዝገብም ብዙ ይናገራል፦ ለሦስት ወር በየቀኑ 7.2 የሚል የፒኤች (የአሲድነት መጠን) ንባብ፣ ያውም በአንድ እስክርቢቶና በአንድ እጅ ጽሑፍ የተሞላ ከሆነ፣ መለኪያው መሳቢያ ውስጥ እንደሚያድር መገመት አያዳግትም።

ሌላው ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ሰርተፍኬቱ ላይ ከድርጅቱ ስም ሥር የምትገኘው አንዲት መስመር ናት፤ የምትገልጸውም የተረጋገጠውን የሥራ ወሰን ነው። ፈትል፣ ማቅለሚያና ስፌት ያለው ድርጅት «የአልባሳት ስፌት» በሚል ወሰን ብቻ ሰርተፍኬት ቢያወጣ ኦዲቱ ርካሽና ቀላል ይሆንለታል፤ ውኃውን የሚጠጣውና ኬሚካሉን የሚያፈሰው ማቅለሚያ ክፍል ግን ከወሰኑ ውጭ ቀርቷል። ነገሩን የሚያውቅ ገዥ በመጀመሪያ የሚያነበው ይህችን መስመር ነው። በኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎችም የተለየ ጥያቄ አለባቸው። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለምሳሌ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ለአገልግሎት የሚያበቃ የጋራ ጣቢያ ስላለ፣ በሼዱ ውስጥ የሚሠራው ድርጅት «ፍሳሹ የፓርኩ ጉዳይ ነው» ለማለት ይቃጣዋል። ደረጃው ግን በውጭ አካል የሚሠራ ሥራ ላይም ድርጅቱ ያለውን ቁጥጥር ወይም ተፅዕኖ እንዲወስን ያስገድደዋል፤ ወደ ጋራው ቱቦ የሚለቀቀው ፍሳሽ ከፓርኩ ጋር በተገባው ስምምነት ልክ መሆኑ የፋብሪካው ኃላፊነት ነው።

አይኤስኦ 14001 ሕግን በሚመለከት መካከለኛ ነው። ድርጅቱ የሚመለከቱትን ግዴታዎች እንዲለይ፣ መከበራቸውንም በየጊዜው እንዲገመግም ይጠይቃል፤ ነገር ግን ኦዲተሩ የሕግ ተቆጣጣሪ አይደለም፣ ሰርተፍኬቱም «ይህ ድርጅት ሕግ አልጣሰም» የሚል ማረጋገጫ አይደለም። መረጃን ይፋ ከማድረግ አንጻርም ለሚመለከታቸው ወገኖች መቅረብ ያለባቸው በዋናነት የአካባቢ ፖሊሲውና የሥርዓቱ ወሰን ናቸው። ጥንካሬው በየትኛውም ዘርፍና አገር መታወቁ፣ እንዲሁም ከአይኤስኦ 9001 እና መሰል ደረጃዎች ጋር አንድ ዓይነት አወቃቀር ስላለው አብሮ ኦዲት መደረግ መቻሉ ነው።

ኢማስ

ኢማስ የአውሮፓ ኅብረት የራሱ የአካባቢ አያያዝና ኦዲት መርሐ ግብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣ ደንብ ተመሥርቶ ዛሬ በዋናነት በደንብ ቁጥር 1221/2009 ይመራል። የአይኤስኦ 14001ን መስፈርቶች ሙሉ በሙሉ አካትቶ በላያቸው ሌሎች ጨምሯል፦ ሕግ መከበሩ በማስረጃ መታየት አለበት፤ ሠራተኞች መሳተፍ አለባቸው፤ ስለ ኃይል፣ ስለ ጥሬ ዕቃ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ መሬት አጠቃቀምና ስለ ልቀት አኃዝ የያዘ መግለጫ በገለልተኛ አረጋጋጭ ታይቶ ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት።

ከኅብረቱ ውጭ ያለ ድርጅትም መመዝገብ ይችላል። ይሁን እንጂ ምዝገባውን የሚቀበል አባል አገር እና ለዚያ አገርና ዘርፍ ፈቃድ ያለው አረጋጋጭ ማግኘት ስለሚጠይቅ፣ ለአንድ የኢትዮጵያ ፋብሪካ መንገዱ ረጅምና ውድ ነው። በእኔ ግምት ኢማስ የሚያዋጣው እናት ኩባንያው አውሮፓ ውስጥ ሆኖ ቅርንጫፎቹን በሙሉ በአንድ ምዝገባ ለማቀፍ ሲፈልግ ብቻ ነው። ሰርተፍኬቱን ሳይወስዱ ሐሳቡን መዋስ ግን ይቻላል፤ አኃዝ ያለበት ዓመታዊ መግለጫ አዘጋጅቶ ለገዥዎች መላክ ከብዙ ጥያቄና መልስ ያድናል።

ሂግ ኤፍኢኤም እና ዜድዲኤችሲ፦ ለጨርቃ ጨርቅና አልባሳት

ሂግ ኤፍኢኤም በልብስና ጫማ ኩባንያዎች ኅብረት የተዘጋጀ የፋብሪካ አካባቢያዊ መመዘኛ ነው። ኅብረቱ ቀድሞ ሰስቴኔብል አፓረል ኮአሊሽን ይባል ነበር፤ ከ2024 ወዲህ ካስኬል ተብሏል። መመዘኛው ሰባት ክፍሎች አሉት፦ የአካባቢ አያያዝ ሥርዓት፣ ኃይልና የሙቀት አማቂ ጋዞች፣ ውኃ፣ ፍሳሽ፣ የአየር ብክለት፣ ደረቅ ቆሻሻ እና ኬሚካል። ፋብሪካው ያለፈውን ዓመት መረጃ ራሱ ሞልቶ ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያም ዕውቅና ያለው አረጋጋጭ መጥቶ ያጣራዋል። ያልተጣራ ነጥብ ክብደቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ ገዥዎችም አይቀበሉትም።

ለኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ትልቁ ራስ ምታት ከነጥቡ በፊት ይመጣል። መመዘኛው የሚሞላው በፈረንጆች ዓመት ሲሆን የእኛ ሒሳብ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ይዘጋል፤ የመብራትና የውኃ ቢል የሚቆጠረው በኢትዮጵያ ወር ነው፤ ለጄኔሬተርና ለቦይለር የተገዛው ነዳጅ ደግሞ በደረሰኝ ቀን ይመዘገባል። ይህን ሁሉ በታኅሣሥ መጨረሻ ሰብስቦ ለማስታረቅ የሞከረ ባለሙያ መከራውን ያውቀዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በፈረንጆች ወር የመጨረሻ ቀን ቆጣሪዎቹን በሙሉ አንብቦ በአንድ ቅጽ መያዝ። ቆጣሪ የሌለው ጉድጓድ ካለ ቆጣሪ የሚገጠምለት ኦዲተር ሲጠራ ሳይሆን ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ዜድዲኤችሲ ከዚህ ጎን ለጎን ይሄዳል። በ2011 የተጀመረው ይህ መርሐ ግብር በምርት ሂደት እንዳይገቡ የተከለከሉ ኬሚካሎችን ዝርዝር አውጥቷል፤ የፍሳሽ ምርመራ ውጤትም በጋራ ቋት እንዲቀመጥ ያደርጋል። ማቅለሚያና ማጠቢያ ያለው ፋብሪካ በቀጥታ ይመለከተዋል፤ ጨርቅ ገዝቶ የሚሰፋ ብቻ ከሆነ ግን ጫናው ትንሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወስ አለበት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ (አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል) ተጠቃሚነት ከወጣች በኋላ አንዳንድ የአሜሪካ ገዥዎች አገሩን ለቀው ሄደዋል። ፋብሪካው የቀሩትን ወይም አዲስ የሚፈልጋቸውን ገዥዎች ዝርዝር ሳይዝ በአሮጌው ገዥ ጥያቄ ላይ ተመሥርቶ መወሰን የለበትም።

ሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ፦ ለቆዳ ፋብሪካዎች

በ2005 የተመሠረተው ይህ የቆዳ አምራቾችና የብራንዶች ስብስብ ፋብሪካዎችን በኦዲት መዝኖ የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ደረጃ በመስጠት ይታወቃል። የአሠራር ሰነዱ በየጊዜው ስለሚታደስ ኦዲት ከመጠየቅ በፊት የሚሠራበትን እትም ማየት ያሻል። ከአይኤስኦ 14001 የሚለየው ቁጥር በመጠየቁ ነው፦ ለካሬ ሜትር ቆዳ የዋለ ውኃና ኃይል፣ የክሮም አያያዝ፣ የፍሳሽ ውጤት፣ የዝቃጭ አወጋገድ፣ የኬሚካል ማከማቻ፣ የሥራ ፈቃዶች። ደረጃው ለሁለት ዓመት ያገለግላል።

በአገራችን ሁኔታ ፈታኙ ክፍል የጥሬ ቆዳው ምንጭ ነው። መርሐ ግብሩ ቆዳው ወደ ታረደበት ቄራ ተመልሶ እንዲታወቅ ይፈልጋል፤ እኛ ዘንድ ግን በተለይ በበዓል ሰሞን በጉም ፍየሉም በየጓሮው ይታረድና ቆዳው በሰብሳቢ፣ ከዚያም በነጋዴ እጅ አልፎ ፋብሪካ ይደርሳል። የኢትዮጵያ የደጋ በግ ቆዳ ለጓንት፣ የባቲ ፍየል ቆዳም ለጫማ በዓለም ገበያ ስም ያላቸው ቢሆኑም፣ በዚህ መንገድ የመጣ ቆዳ በዚህ ክፍል ነጥብ አያስገኝም። ፋብሪካው ቢያንስ ከኤክስፖርት ቄራዎች የሚገዛውን ድርሻ ለይቶ በመመዝገብ ሊጀምር ይችላል።

ሞጆ ወይም አዲስ አበባ ዙሪያ ያለ የቆዳ ፋብሪካ «አይሶ ወይስ ሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ገዥው ብራንድ እስከሆነ ድረስ ሁለተኛውን እመክረዋለሁ። አይሶው መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ገዥው የሚፈልገው መልስ ስለማይገኝበት ነው።

የአበባና የቡና ዘርፍ

ይህ በራሱ ሰፊ ስለሆነ በአጭሩ ላልፈው። የአበባ እርሻዎች የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበር ባዘጋጀው የሥነ ምግባር መመሪያ መነሻ ሥልጠናና ምዘና ማግኘት ይችላሉ፤ የሆላንድ ገበያ ደግሞ ኤምፒኤስን፣ ግሎባል ጋፕን ወይም ሬይንፎረስት አሊያንስን የመሳሰሉትን የእርሻ አሠራር ሰርተፍኬቶች ይጠይቃል። አይኤስኦ 14001 እዚህ እምብዛም አይጠየቅም። ቡና ላኪዎችም ከአውሮፓ የደን ጭፍጨፋ ደንብ ጋር እንዳያምታቱት፤ ያ ደንብ የሚፈልገው ቡናው የበቀለበትን ማሳ የቦታ መጋጠሚያ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የአያያዝ ሥርዓት ሰርተፍኬት መልስ አይሆንም።

ያለ ሰርተፍኬት መሥራት

አይኤስኦ 14001 ራሱ ሰርተፍኬትን አያስገድድም። ድርጅቱ መስፈርቱን አሟልቶ በራሱ ማሳወቅ፣ ደንበኛው መጥቶ እንዲያረጋግጥለት ማድረግ ወይም በውጭ አካል ማስረጋገጥ ይችላል። ሥርዓቱን ደረጃ በደረጃ መዘርጋት ለሚፈልጉም አይኤስኦ 14005 የተባለ መምሪያ አለ፤ ይህ መምሪያ ሰርተፍኬት የሚሰጥበት ስላልሆነ «የ14005 ሰርተፍኬት እንሰጣለን» የሚል ሰው ከመጣ በር ማሳየት ነው። ለአገር ውስጥ ገበያ ለሚያመርት አነስተኛ ድርጅት ይህ መንገድ ከበቂ በላይ ነው፤ ደንብ ቁጥር 159/2001 የሚጠይቀውን የውስጥ ክትትልና የመረጃ አያያዝም አብሮ ያሟላለታል።

ሰርተፍኬት ሰጪውን መምረጥ

አይኤስኦ 14001ን የመረጠ ድርጅት ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። የወረቀቱ ክብደት በሰጪው አክሬዲቴሽን ይወሰናል፤ ማለትም ሰርተፍኬት ሰጪው ራሱ አይኤስኦ/አይኢሲ 17021-1 በተባለው ደረጃ መሠረት በአንድ የአክሬዲቴሽን አካል ተመርምሮ ዕውቅና ማግኘት አለበት። የአገራችን አካል የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ነው፤ በአዲስ አበባ የሚሠሩ የውጭ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የአውሮፓ ወይም የሌላ አገር አክሬዲቴሽን ይይዛሉ። የመንግሥት የሆነው የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅትም የሥርዓት ሰርተፍኬት ይሰጣል። ከማንኛቸውም ጋር ሲነጋገሩ «አክሬዲትድ ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ለአይኤስኦ 9001 ዕውቅና ያለው ድርጅት ለ14001 ወይም ለቆዳ ዘርፍ ላይኖረው ይችላል። የዕውቅናውን ዝርዝር ከአክሬዲቴሽን አካሉ ገጽ ላይ ራስዎ ያንብቡ፤ ገዥውም ያንኑ አክሬዲቴሽን እንደሚቀበል ያረጋግጡ።

የኦዲት ቀናት ቁጥር ሁለተኛው መፈተሻ ነው። ዓለም አቀፉ የአክሬዲቴሽን ፎረም ባወጣውና ለዓመታት በተሠራበት ሠንጠረዥ ከ86 እስከ 125 ሠራተኛ ያለው ድርጅት የመነሻ ኦዲት መነሻው፣ የአካባቢ ጫናው ከፍተኛ ለሆነ ሥራ 11 የኦዲተር ቀን (አንድ ኦዲተር በአንድ ቀን የሚሠራው ሥራ አንድ ተብሎ ሲቆጠር)፣ ለመካከለኛ ደግሞ 8 ቀን ነው፤ ቆዳ ማልፋት ከከፍተኛው፣ ሌላው ጨርቃ ጨርቅና ልብስ ከመካከለኛው ይመደባል። ተመሳሳይ ስፌት የሚሰፉ ብዙ ሠራተኞች ባሉበት መስመር የሚቆጠረው የሰው ቁጥር ሊቀንስ ይችላል፤ በልዩ ምክንያት የሚደረገው ቅናሽ ግን ከ30 በመቶ አይበልጥም። የክትትሉ ኦዲት የመነሻውን ሲሶ ያህል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ያለው እድሳት ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ያህል ጊዜ ይወስዳል። እንግዲህ ለመቶ ሠራተኛ የቆዳ ፋብሪካ «በሁለት ቀን እንጨርሳለን» የሚል የዋጋ ማቅረቢያ ከመጣ ርካሽነቱ የሚያስደስት ሳይሆን የሚያስጠረጥር ነው። አይኤስኦ 9001 ያለው ድርጅት ሁለቱን በተቀናጀ ኦዲት ካስደረገ ጊዜው እስከ 20 በመቶ ሊቀንስለት ስለሚችል፣ ሕጋዊ ቅናሽ የሚፈልግ በዚህ በኩል ይጠይቅ።

ሦስተኛው የማማከርና የማረጋገጥ መደበላለቅ ነው። «ሰነዱን እናዘጋጃለን፣ ሠራተኛውን እናሠለጥናለን፣ ሰርተፍኬቱንም እንሰጣለን» የሚል ጥቅል በዚሁ በ17021-1 ደረጃ የተከለከለ ነው፤ ሰርተፍኬት ሰጪ ያማከረውን ሥርዓት ራሱ ሊያረጋግጥ አይችልም። አማካሪው «የማውቀው ሰጪ አለ» ብሎ ሲያቀርብም ክፍያውን ለየብቻ፣ ውሉንም በቀጥታ ከሰጪው ጋር ያድርጉ።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሚመዝነው | የሕግ መከበርን ማጣራቱ | ዑደት | ወጪ | በዋናነት የሚቀበለው |
|---|---|---|---|---|---|
| አይኤስኦ 14001 | ሥርዓት | መካከለኛ | 3 ዓመት፣ በየዓመቱ ክትትል | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ሁሉም ዘርፍ፣ ጨረታ፣ እናት ኩባንያ |
| ኢማስ | ሥርዓት፣ ይፋ አኃዝ | ጠንካራ | 3 ዓመት፣ ዓመታዊ መግለጫ | ከፍተኛ | የአውሮፓ ተቋማት |
| ሂግ ኤፍኢኤም | ሥርዓትና ውጤት በነጥብ | መካከለኛ | በየዓመቱ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | የልብስ ገዥዎች |
| ሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ | በአመዛኙ ውጤት | ጠንካራ | 2 ዓመት | ከፍተኛ | የጫማ፣ የጓንትና የቦርሳ ብራንዶች |
| የአበባ መመሪያዎች | የእርሻ አሠራር | እንደ መመሪያው | እንደ መመሪያው | ይለያያል | የአበባ ጨረታና ሱፐርማርኬት |
| በራስ ማሳወቅ | ሥርዓት | በድርጅቱ የሚወሰን | የለውም | ዝቅተኛ | አገር ውስጥ፣ ጀማሪዎች |

እንደ ድርጅቱ ሁኔታ

ገዥው የደረጃውን ስም ጠቅሶ የጠየቀው ድርጅት ምርጫ የለውም፤ የተጠየቀውን ያድርግ፤ ቀሪውን ገንዘብ ለማጣሪያ ጣቢያው ያውል።

በርካታ ገዥ ያለውና እያንዳንዱ የተለየ ወረቀት የሚጠይቀው ጋርመንት በሂግ ይጀምር። ከሰባቱ ክፍሎች የመጀመሪያው የአያያዝ ሥርዓት ስለሆነ፣ እዚያ የተዘጋጀው ሰነድ በኋላ ለአይኤስኦ 14001 በቀጥታ ያገለግላል። ማቅለሚያ ካለው ግን የፍሳሽ ምርመራውን አስቀድሞ ለሁለት ወቅት ያህል ያስደርግ፤ ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ገዥው ሳያውቀው ማወቁ ይሻላል።

ሲሚንቶ፣ ቢራ፣ ብረታ ብረት፣ ፕላስቲክና የመሳሰለውን ለሚያመርት፣ በብራንድ መርሐ ግብር ውስጥ ለሌለ ትልቅ ድርጅት አይኤስኦ 14001 ትክክለኛው ምርጫ ነው። ወሰኑን ግን ሙሉ ግቢውን አካትቶ ይውሰድ፤ የተሽከርካሪ ጥገናውንና የነዳጅ ማከማቻውን ጨምሮ።

በጀቱ የተወሰነ፣ ገዥም ገና ያላገኘ ድርጅት ዘንድሮ ሰርተፍኬት ባይገዛ ይመረጣል። በዚያው ገንዘብ የውኃና የመብራት ቆጣሪዎችን በየክፍሉ ያስገጥም፤ ከተቆጣጣሪው ያልታደሰ ፈቃድ ካለ ያሳድስ፤ የሚመለከቱትን ሕጎች ዝርዝር ከነአንቀጻቸው ያዘጋጅ፤ አንድ የውስጥ ኦዲተር ያሠልጥን። ከአንድ ዓመት በኋላ የትኛውም አማራጭ ሲመጣ የሚጠየቀው መረጃ በእጁ ይኖረዋል።

ውል ለመፈረም የደረሰ ደግሞ ከሰርተፍኬት ሰጪው እነዚህን በጽሑፍ ይቀበል፦ የአክሬዲቴሽን አካሉን ስምና ዕውቅናው የሚሸፍነውን ዘርፍ፣ የሦስቱን ዓመት የኦዲተር ቀናት በየዓመቱ ተለይተው፣ የቀን ክፍያውን፣ የመጓጓዣና የአበል ወጪውን ማን እንደሚችል፣ ክፍያው በየትኛው ገንዘብና በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚሰላ፣ የኦዲት ቡድኑ መሪ በዘርፉ ያለውን የሥራ ልምድ፣ ከባድ ጉድለት ቢገኝ ተመልሶ ለማረጋገጥ የሚጠየቀውን ክፍያ፣ እንዲሁም ድርጅቱ ወደ ሌላ ሰጪ መዛወር ቢፈልግ የቀደሙት ሪፖርቶች እንደሚሰጡት።